«ኑዛዜ»፣ «ወሲያ» እና «ጡረታ»

«ኑዛዜ» «ተናዘዘ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስም ሲሆን፣ ኀጢአትን መናገርንም የመጨረሻ ፈቃድን ማስታወቅንም ያመለክታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የያዘው ሁለተኛውን ፍች ነው። ውርስን በኦሮምኛ «ዻላ» በሚሉት የከሚሴ ሙስሊሞች ዘንድ ደግሞ ከዐረብኛ የመጣው «ወሲያ» አለ።

ሁለቱን እንደ አቻ ቃላት መተርጐም ያሳስታል። በሸሪዓ መሠረት ወሲያ ከሀብቱ ሲሶ ማለፍ የለበትም፤ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱም ለወራሽ አይደረግም። በፍትሐ ብሔሩ ግን የሲሶ ወሰን የለም፤ ለወራሽም መናዘዝ ይቻላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎች ከተስማሙ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። ስለዚህ አንድ አዛውንት «ቤቴን ለታናሹ ልጄ ሰጥቻለሁ» ቢሉ፣ ቃላቸው በአንዱ ሕግ ሲጸና በሌላው ሊፈርስ ይችላል።

«ጡረታ» ከሁለቱም ይለያል። ሥሩ «ጦረ» ነው፤ አረጋዊን ደገፈ ማለት ነው። ጡረተኛው ሲሞት አበሉ የሚተላለፈው ሕግ ለወሰናቸው ተተኪዎች እንጂ በኑዛዜ ለተጠራ ሰው አይደለም።

እንግዲህ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሦስቱን ለየብቻ ሊፈታቸው ይገባል፤ የቃሉ መደባለቅ የሟችን ፈቃድ ያስታልና።