ሠላሳ ዓመት የተጠበቀ ወንበር

በቤዝቦል ክለብ ውስጥ ትልልቁን ውሳኔ የሚወስነው ሰው ሜዳ ላይ አይታይም። ጄኔራል ማናጀር ይባላል። የትኛው ተጫዋች ይምጣ፣ የትኛው ይሂድ፣ ለማን ስንት ይከፈል የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። «እሱ» ያልነው በስህተት አይደለም፤ በአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት አልነበረችም።

በዚያ ዓመት ኖቬምበር ወር የማያሚ ማርሊንስ ክለብ ኪም አንግን ሾመ። (የአባቷ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አናባቢ ስለሌለው ብዙ ሰው ሲያነበው ይደናገራል። በእኛ ፊደል ግን እንደሚሰማው እንጽፈዋለን፤ አንግ።)

ኪም የትውልድ ሐረጓ ከቻይና ነው፤ እናቷ የተወለደችው ታይላንድ ነው። ኪም ከአምስት እኅትማማቾች ታላቋ ናት፤ አባቷ የሞተባት በ11 ዓመቷ ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሶፍትቦል ትጫወት ነበር። በ1990 ስትመረቅ በቺካጎ ዋይት ሶክስ ክለብ ተለማማጅ ሆና ገባች።

ችሎታዋ ቶሎ ታየ። ክለብና ተጫዋች በደመወዝ ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ዳኞች ሊሄድ ይችላል። ሽምግልና ይመስላል፤ ግን የእኛ ሽማግሌዎች መሀሉን ፈልገው ያስታርቃሉ፣ እነዚያ ዳኞች ደግሞ ክለቡ ካቀረበው ገንዘብና ተጫዋቹ ከጠየቀው አንዱን ብቻ ይመርጣሉ። ስለዚህ ተከራካሪው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ማወቅ አለበት። በ1995 ኪም ክለቡን ወክላ ቀረበች፤ ተጫዋቹ አሌክስ ፈርናንዴዝ ነበር። እንዲህ ያለ ክርክር ያቀረበች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። አሸነፈችም።

በ29 ዓመቷ የኒውዮርክ ያንኪስ ምክትል ጄኔራል ማናጀር ሆነች። ያንኪስም በ1998፣ በ1999 እና በ2000 ተከታትሎ ዋንጫ በላ። ከዚያ ወደ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ፣ በኋላም ወደ ሊጉ ጽሕፈት ቤት ሄደች። በእነዚህ ዓመታት የተለያዩ ክለቦች ለጄኔራል ማናጀርነት ጠርተው አነጋገሯት፤ ሁልጊዜም የመረጡት ሌላ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ልምድ ያለው ወንድ እስከ 51 ዓመቱ ይጠብቅ ነበር ብዬ አላምንም።

በ2023 ማያሚ 84 ጨዋታ አሸንፎ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ። ወቅቱ እንዳለቀ ግን ክለቡ ከእሷ በላይ ሌላ አለቃ ሊቀጥር አሰበ። ኪም በዚህ አልተስማማችም፤ ሥራውን ትታ ሄደች። በ2025 የአንድ አዲስ የሴቶች ሶፍትቦል ሊግ ኮሚሽነር ሆናለች።