የጥቅል መለያ ወረቀትና አዲሱ መኪና

ከመርሳ፣ ከውርጌሳ ወይም ከጊራና የመጣ ተማሪ ሁሉ ከቤት የሚላክለትን ጥቅል ያውቃል። በሶው በፌስታል ታስሮ፣ ፌስታሉ በማዳበሪያ ከረጢት ገብቶ፣ የከረጢቱ አፍ በመርፌ ተሰፍቶ፣ ከላዩ በወፍራም እስክሪብቶ ስም፣ የአባት ስምና የስልክ ቁጥር ተጽፎበት ይደርሳል። ይህን ጽሑፍ ከእኛ በፊት የሚያነበው ሰው አለ፤ እርሱም ጥቅል የሚለየው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ሰውና በእጁ ስለ ገባው አዲስ መሣሪያ ለጓደኞቻችን ጥቂት ለማስረዳት እንወዳለን።

ባለፈው ክረምት ሁለታችን ወልድያ ውስጥ በአንድ የጥቅል መለያ ክፍል በረዳትነት ሠርተን ነበር። ወልድያ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ የሚያልፈው መንገድ ከደብረ ታቦር አቅጣጫ ከሚመጣው መንገድ ጋር የሚገናኝበት ከተማ ነው። ከባሕር ዳር ወደ መርሳ የተላከ ዕቃ እዚህ መኪና ይለውጣል ማለት ነው። በክፍሉ የቆዩት ጋሼ (ሁሉም የሚጠሯቸው እንዲሁ ነው) ከረጢቱን አንድ ጊዜ አየት አድርገው «ይህ ለሐብሩ ነው፣ ከበሩ አጠገብ አድርጉት ልጆቼ» ይላሉ። ተሳስተው አላየንም።

እኛ በደረስን በሁለተኛው ሳምንት የመለያ ወረቀት የሚያትም መኪናና በብርሃን የሚያነብ መሣሪያ መጣ። ለመሆኑ ይህ የመስመር ምልክት፣ ማለት ባርኮድ፣ ምንድን ነው? አሜሪካዊው ኖርማን ውድላንድ በባሕር ዳርቻ ተቀምጦ የሞርስን ነጥብና ሰረዝ በአሸዋ ላይ ሲጽፍ፣ ምልክቶቹን በጣቱ ወደ ታች ቢስባቸው ቀጭንና ወፍራም መስመር እንደሚሆኑ አስተዋለ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1952 ከጓደኛው ጋር የፈጠራ መብት አገኙበት። በሱቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው የአሁኑ ዓይነት ምልክት ግን ሰኔ 19 ቀን 1966 ዓ.ም. በኦሃዮ በአንድ የማስቲካ ጥቅል ላይ የነበረው ነው፤ በዚያው ሰሞን እኛ አገር አብዮቱ ገና መፋፋሙ ነበር።

ኢትዮጵያ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ አባል የሆነችበት የዓለም ፖስታ ኅብረት ለዓለም አቀፍ ጥቅሎች አንድ ደንብ አውጥቷል። ሁለት የላቲን ፊደላት የአገልግሎቱን ዓይነት ያመለክታሉ፤ ስምንት አኃዞች ይከተላሉ፤ ዘጠነኛው የማረጋገጫ አኃዝ ነው፤ መጨረሻ ላይ የአገሩ ምልክት የሆኑ ሁለት ፊደላት ይመጣሉ። የሚያስገርመው ይህ ዘጠነኛው አኃዝ ነው። ቁጥሩን 20170035 እንበል። የመጀመሪያው አኃዝ በ8፣ ሁለተኛው በ6፣ የቀሩትም በየተራቸው በ4፣ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ9 እና በ7 ተባዝተው ሲደመሩ 96 ይሆናሉ። 96 ለ11 ሲካፈል 8 ይተርፋል፤ 8 ከ11 ሲቀነስ 3 ነው፤ ይኸው 3 ዘጠነኛ ሆኖ ይጻፋል። (ልዩነቱ 10 ወይም 11 ሲሆን ሌላ ደንብ አለው፤ እርሱን ለሒሳብ ተማሪዎች እንተወዋለን።) አንድ ሠራተኛ 1ን እና 7ን አቀያይሮ 20710035 ብሎ ቢመታ ድምሩ 108 ይመጣል፤ የሚጠበቀውም አኃዝ 2 ስለሚሆን መኪናው አልቀበልም ይላል። ይህን ያህል ጥንቃቄ በእጅ ጽሑፍ አይገኝም፤ እውነቱን መናገር ይገባናል።

እንግዲህ ችግሩ ከቁጥሩ አልነበረም። መኪናው የማያውቀው አገሩን ነበር። በከተሞች ዝርዝር ውስጥ ወልድያ በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ገብታ ስለነበር፣ የአንዲት ከተማ ዕቃ በሦስት ቦታ ተከመረ። ቅጹ «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል፤ እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን የአባት ስም ገባበት፤ መኪናውም በእርሱ ሲደረድር አባታቸው መሐመድ የሆኑ የሐብሩ ሰዎች ሁሉ አንድ ቤተሰብ ሆኑ! ከዚህም በላይ ማተሚያው የአማርኛ ፊደል አልነበረውም። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1999 ነው፤ ዳሩ ግን በሠንጠረዥ መግባትና በእያንዳንዱ ማተሚያ ሆድ ውስጥ መገኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በስሙ ፋንታ ባዶ አራት ማዕዘኖች ተደርድረው ወጡ።

ወረቀቱም የራሱ ጠባይ አለው። ቀለም አይጠቀምም፤ ገጹ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ቅብ ስላለው የማተሚያው ራስ እየሞቀ ይጽፍበታል። ይህ ርካሽና ፈጣን ነው። ነገር ግን በሚኒባስ ጣራ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጽሑፍ ይደበዝዛል፤ ሙቀቱ ሲበዛ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ይጠቁራል። ሪባን ያለው ማተሚያ ቀለሙን አቅልጦ ስለሚያትም የተሻለ ይቆያል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። በክፍላችን የነበረው የመጀመሪያው ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት ከመርሳ ስልክ ደወሉ። ልጃቸው ለሥራ ውድድር የሚያቀርበውን ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ከበሶው ጋር ልከውለት፣ ዕቃው ከስምንት ቀን በኋላም አልደረሰም። መኪናው ተጠየቀ፤ «ወልድያ ገብቷል» ከማለት በቀር ምንም አላወቀም። «መርሳ የነካው ይረሳል» ብሎ የቀለደም ነበር፤ እኛ ግን ማሳቅ አልሆነልንም፤ የውድድሩ ቀን ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ጋሼ ስልኩን ተቀብለው «እናቴ፣ ከረጢቱን በምን ክር ሰፉት?» ሲሉ ጠየቁ። «በቀይ» አሏቸው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከክምሩ ሥር ተገኘ። ወረቀቱ በስፌቱ ላይ ስለተለጠፈ መስመሮቹ ተጨማደው አይነበቡም ነበር፤ በእጅ መጻፍ ደግሞ በዚያ ሳምንት ተከልክሎ ነበር።

አንዳንዶች ይህን ሰምተው መኪናው ይውጣ ይሉ ይሆናል። እኛ በዚህ አንስማማም። ቀድሞ የጠፋ ዕቃ የት እንደ ጠፋ የሚናገር መዝገብ አልነበረም፤ ዛሬ ቢያንስ ወልድያ መግባቱ ይታወቃል። ስሕተቱ ጋሼ ሳይጠየቁ የከተሞቹ ዝርዝር መዘጋጀቱ ነው። በኋላ ኃላፊው ከእርሳቸው ጋር አንድ ከሰዓት ተቀምጦ ዝርዝሩን አረመ፤ ውርጌሳና ጊራና ከመርሳ ሥር ገቡ፤ ለአያት ስም ቦታ ተጨመረ፤ የአማርኛው ስም እንደ ሥዕል ሆኖ እንዲታተም ተደረገ፤ በእስክሪብቶ መጻፍም ተፈቀደ።

ለክረምት ወደ ቤት የምትሄዱ ጓደኞቻችን ለቤተሰቦቻችሁ ይህን ንገሩ፦ የአያት ስም ይጻፍ፤ ስምና ስልክ ያለበት ሌላ ወረቀት በከረጢቱ ውስጥም ይግባ፤ የመለያ ወረቀቱ የሚለጠፍበት ጎን አቧራው ተጠርጎ ለጥ ያለ ይሁን፤ በስፌቱ ላይ ግን ፈጽሞ አይለጠፍ።