ከሹመት በፊት ሥልጠና

አንድ መምህር ሒሳብን አጥርቶ ስላስተማረ ብቻ ትምህርት ቤት ማስተዳደርን ያውቃል ማለት አይቻልም። ሆኖም በብዙ ስፍራ በማስተማሩ የተመሰገነው ሰው ያለ ሥልጠና ዲሬክተር ሆኖ ይሾማል። በዚህ ጊዜ ተማሪዎቹ ጥሩ አስተማሪ ያጣሉ፤ ትምህርት ቤቱም ሥራውን በስሕተት የሚማር ሹም ያገኛል።

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ መምህራን ከግብፅ የመጡ ነበሩ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ትምህርት ቤቶች የውስጥ አስተዳደራቸውን ራሳቸው እንዲመሩ አሰበ። ሥልጣኑ ሲሰፋ የዲሬክተሩም ኃላፊነት ከበደ።

እንግዲህ ዲሬክተር ሊሠለጥንባቸው ከሚገቡት ነገሮች አንደኛው የዓመቱን ዕቅድ ከበጀቱ ጋር ማስማማት ነው። ሁለተኛው ክፍል ገብቶ ትምህርቱን መመልከትና መምህሩን ሳያዋርዱ ጉድለቱን ማሳየት ነው። ሦስተኛው ከወላጆች ጋር በግልጽ መመካከር ነው። ከሁሉ የሚዘነጋው ሁለተኛው ነው፤ ደብዳቤና ፊርማ ቀኑን ስለሚፈጁት ዲሬክተሩ ከቢሮው ሳይወጣ ዓመቱ ያልቃል።

እርስዎም በመሥሪያ ቤትዎ፥ ጎበዝ ጸሐፊ የነበረ ሰው የክፍል ሹም ሆኖ ሲቸገር ሳያዩ አልቀሩም። በዚያ የሚዘገየው መዝገብ ነው፤ መዝገብ ነገ ይቃናል። በትምህርት ቤት ግን የሚባክነው የልጅ የትምህርት ዘመን ነው፤ ስለዚህ ሥልጠናው ከሹመቱ ይቅደም።