ትንሿን ቮልስ መጫወቻ የሚያስመስላት ምንድን ነው?

ባለፈው ዓመት ሰበታ የሚኖሩት አጎቴ ቮልሳቸውን ሸጡ። ገዢው ሰኞ ጠዋት ሊወስዳት ነበር፤ እኔ ቅዳሜ ዕለት ሜትር፣ ካሊፐርና ደብተር ይዤ ከቡራዩ ሄድኩ። በሩን፣ ኮፈኑን፣ ፓራፋንጎውን፣ ስፖኪዮውን ሳይቀር አንድ በአንድ ለካሁ። መኪናዋ ብትሄድም ትንሿ ቅጂዋ ሳሎናቸው ውስጥ ትቀመጣለች ብዬ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ የሠራኋትን ይዤ ተመለስኩ። ርዝመቷ ልክ ነው፣ ስፋቷም ልክ ነው። አጎቴ አገላብጠው አዩዋትና ፈገግ አሉ። «ጎሽ፣ ጥሩ መጫወቻ ናት» አሉኝ። መጫወቻ! የምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ እኮ። ያቺ ቃል እስከ ቡራዩ ድረስ ታክሲ ውስጥ ተከተለችኝ። ልኬቱ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ምኗ ነው መጫወቻ ያስመሰላት?

እስቲ ነገሩን ከጎማው እንጀምረው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው። እዚህ ያደገ ልጅ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና ሲቆጥር ይውልና ማታ ያየውን በሽቦና በቆርኪ ይሠራዋል። እናንተም ሠርታችሁ ታውቁ ይሆናል። ልብ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የሚፈለገው ጎማው ነው፤ የመኪናው ትልቅነት የሚወሰነው ቆርኪው ከተገኘ በኋላ ነው። ይህ መሐንዲስም የማይንቀው አሠራር ነው፤ መቀየር ከማትችሉት ዕቃ ተነሡ፣ ሌላውን ለእሱ አስተካክሉ።

ጥርሶቹን በፒንሳ ወደ ውጭ መለስ ያደረጋችሁት ቆርኪ ከጫፍ እስከ ጫፍ 32 ሚሊሜትር ገደማ ነው። (ጥርሶቹን ቁጠሯቸው፣ 21 ናቸው። አሜሪካዊው ዊልያም ፔይንተር እ.ኤ.አ. በ1892 የፈጠራ መብት ሲያወጣበት ግን 24 ነበሩ።) የቮልስ ጎማ ከመሬት እስከ አናቱ 65 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። 650 ለ32 ሲካፈል ወደ 20 ይጠጋል። ስለዚህ ቆርኪው ራሱ «አንድ ለሃያ ሥሩኝ» እያለን ነው። በዚህ ስሌት ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ያለው 2.40 ሜትር 12 ሴንቲሜትር ይሆናል። 4.07 ሜትር የሆነው ጠቅላላ ርዝመት ደግሞ ከ20 ሴንቲሜትር ትንሽ ይበልጣል።

እስከዚህ ድረስ የኔዋም ቮልስ ምንም አልጎደላትም። ጥፋቱ የተገኘው ስሌቱን ወደ ኋላ ስመልሰው ነው።

በ20 አባዙት

ትልቁን ለ20 ማካፈል ሁሉም ያውቃል። የሠራችሁትን እያንዳንዱን ውፍረት መልሳችሁ በ20 አባዙትና «እንዲህ ያለ መኪና መንገድ ላይ አለ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። እኔ ስፖኪዮውን ያቆምኩት ባለ 2 ሚሊሜትር ሽቦ ላይ ነበር። ሲባዛ 4 ሴንቲሜትር ነው፤ የውኃ ቧንቧ በሉት! የበሩን ዙሪያ ክፍተት የቆረጥኩት በ1 ሚሊሜትር ነው። በእውነተኛዋ መኪና ላይ 2 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ጣት የሚያስገባ፣ ዝናብ የሚያስገባ በር። አጎቴ ይህን አላሰሉትም፣ ዓይናቸው ግን አሰላው። በዚያች መኪና ሠላሳ ዓመት በር ከፍተው ዘግተዋል።

ቮልስ ደግሞ ያላት ሁለት በር ብቻ ስለሆነ ዓይን በቀጥታ እዚያ ላይ ያርፋል። (መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ የኋላ ወንበር ነው። ለመግባት የፊተኛው ወንበር መታጠፍ አለበት፤ በኋላ ወንበር የሄደ ሁሉ ያውቀዋል።)

ታዲያ እስከ ምን ድረስ ነው ማቅጠን ያለብን? ሁሉን ነገር በትክክል ለ20 ብናካፍል ከ1 ሚሊሜትር በታች የሆነው የመኪናው ላሜራ ከፀጉር ይቀጥናል። እንዲህ ያለ ቆርቆሮ በመቀስ አይሠራም። ደግነቱ መሥራትም የለብንም። ጤነኛ ዓይን ሁለት ተቀራራቢ ነጥቦችን ለይቶ ለማየት በመካከላቸው የአንድ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ ያህል ማዕዘን ይፈልጋል። ከ30 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ይህ ወደ 0.09 ሚሊሜትር ይመጣል። በ20 ሲባዛ 1.8 ሚሊሜትር ነው። እንግዲህ በትልቋ መኪና ላይ ከ2 ሚሊሜትር የሚያንሰውን ዝርዝር በትንሿ ላይ ማንም ለይቶ አያየውም። የዳሽቦርዱን የብሎን ስንጥቅ ተዉት። የበሩ ክፍተት ግን 4 ወይም 5 ሚሊሜትር ስለሆነ በትንሿ ላይ 0.2 ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል። ይታያል፤ ስለዚህ ተጠንቅቃችሁ ሥሩት።

0.2 ሚሊሜትር ከየት ይመጣል? ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ። ግድግዳው 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ለዓይናችን ወሰን ልክ ነው። ጠርዙ እጅ ስለሚቆርጥ ግን ቀስ በሉ። በሩን ቆርጣችሁ አታውጡት። በማስመሪያ እየተመራችሁ በመርፌ ጫፍ ጫሩት፣ ለስላሳ እርሳስ አሹበት፣ ከዚያ በጨርቅ ጥረጉት። ጥቁሩ ጭረቱ ውስጥ ይቀራል። ባለ 0.5 እርሳስ ይዛችሁ በላዩ ላይ መስመር ብታሰምሩ ግን 1 ሴንቲሜትር ክፍተት ሣላችሁ ማለት ነው። ቀለም ከቀባችሁም ስስ አድርጉት፤ በብሩሽ የተለጠፈ ወፍራም ቀለም ጭረቱን ይሞላዋል።

ለስፖኪዮው እግርና ለዝናብ መጥረጊያው የአሮጌ ቻርጀር ገመድ ላጡ፤ ውስጡ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች አሉ። ካሊፐር የላችሁም? አንዱን ክር እርሳስ ላይ 20 ጊዜ አጠጋግታችሁ ጠምጥሙትና የጥምጥሙን ርዝመት በማስመሪያ ለኩ። 4 ሚሊሜትር ከሆነ አንዱ ክር 0.2 ነው። ሁለት ክር ብትገምዱ ለስፖኪዮ እግር ይበቃል። «ይህን ያህል ቀጭን ሽቦ እንዴት ይሸከማል?» ካላችሁ፣ ነገሮች ሲያንሱ ክብደታቸው ከጥንካሬያቸው ፈጥኖ ይቀንሳል። በአንድ ለሃያ የሽቦው አፍ ስፋት 400 ጊዜ ሲያንስ ክብደቱ 8,000 ጊዜ ያንሳል። 800 ኪሎ የምትመዝን ቮልስ 100 ግራም ትሆናለች ማለት ነው። ሽቦው በራሱ ሸክም አይጎብጥም። የሚያጎብጠው የእናንተ ጣት ነው፤ እሱ አልቀነሰም።

እኔ በጣም የወደድኩት የአንቴናውን ሥራ ነው። ያለቀ ግልጽ እስክሪብቶ ቀፎ ውሰዱ። ብዙዎቹ ከፖሊስታይሪን የተሠሩ ናቸው፤ ይህ ፕላስቲክ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይለሰልሳል። ከቤት ውጭ፣ ትልቅ ሰው አጠገባችሁ ሆኖ፣ ከሻማው ነበልባል ከፍ አድርጋችሁ አሽከርክሩት። እሳቱን እንዳይነካ፤ ከጨሰ ተቃጥሏል። መሃሉ ሲለሰልስ ከእሳቱ አርቁትና ሁለቱን ጫፍ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ። የፕላስቲኩ መጠን አይጨምርም አይቀንስም፤ 100 እጥፍ ሲረዝም 10 እጥፍ ይቀጥናል። 7 ሚሊሜትር የነበረው 0.2 እስኪሆን ብትጎትቱት ከለሰለሰው 1 ሚሊሜትር ብቻ ከ1 ሜትር በላይ ክር ይወጣል። ኢንተርኔት የሚያመላልሰው የመስታወት ፋይበርም የሚሳበው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ልዩነቱ ወፍራም የመስታወት ዘንግና በጣም የጋለ ምድጃ መፈለጉ ነው።

የቀረው ይቀላል። ለመስኮት የሃይላንድ ጠርሙስ ጠፍጣፋ ቦታ ይበቃል። ለፍሬቻና ለኋላ መብራት የከረሜላ ወረቀት አለ። የፊት መብራቷ 18 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ 9 ሚሊሜትር ክብ ያስፈልጋል፤ የክኒን ማሸጊያ ላይ ያለው ግልጽ ጉብታ ልክ ይመጣል።

ሁለተኛዋን ቮልስ ይዤ ሰበታ የሄድኩት በፋሲካ ማግስት ነው። አጎቴ መነጽራቸውን አደረጉና ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዷት። ስፖኪዮውን አዩ፣ በሩን አዩ፣ አንቴናውን በትንፋሻቸው አወዛወዙት። ከዚያ አዙረው የኋላውን የቀኝ ፓራፋንጎ ፈለጉ።

«እዚህ ጋ የጫንቾው አጥር የገባበት ጉድጓድ ነበረ፤ አልለካኸውም?»

አልለካሁትም ነበር። ምን ያህል እንደነበር ጠየቅኳቸው። አራት ጣት ይሆናል አሉ፤ እኔ ደግሞ በሆዴ አካፍዬ «4 ሚሊሜትር» አልኩ። እሳቸው ስሌቴን አልጠበቁም። የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ጣሳው ላይ አሳረፉና ቀስ ብለው ተጫኑት።