ያውቁ ኖሯል? ቸርችል በ1940 በፓርላማ የተናገሩት

የእንግሊዝ ፓርላማ ንግግሮች ሃንሳርድ በሚባለው ይፋዊ መዝገብ ውስጥ በቀንና በተናጋሪው ስም ይቀመጣሉ። በመዝገቡ ውስጥ እጅግ ከሚደንቁት አንዱ የዊንስተን ቸርችል የ1940 (እ.ኤ.አ.) ድርሻ ነው።

ዓመቱን የጀመሩት በባሕር ኃይል ሚኒስትርነት ነበር። ሜይ 8 ቀን፣ ስለ ኖርዌይ ዘመቻ የተካሄደውን ክርክር መንግሥትን ወክለው በንግግር የዘጉት እሳቸው ናቸው። መንግሥት 281 ለ200 በሆነ ድምፅ ቢያሸንፍም፣ ከገዛ ወገኑ ብዙዎች ስለራቁት ቸርችል ከሁለት ቀን በኋላ በኔቪል ቻምበርሌን ቦታ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ከሁሉ የገነነው የጁን 4 ንግግር ነው። ከ330 ሺህ በላይ ወታደሮች ከደንከርክ በመርከብ መውጣታቸውን ለምክር ቤቱ ያስረዱበት ይኸው ንግግር በዕለቱ በሬዲዮ አልተላለፈም። የምክር ቤቱ ውሎ በመደበኛነት በሬዲዮ መሰማት የጀመረው ገና በ1978 ነው። ሕዝቡ ያን ምሽት ያዳመጠው የቢቢሲ ዜና አንባቢ ያነበበውን ቅንጫቢ ሲሆን፣ ዛሬ የሚታወቀው የቸርችል ድምፅ የተቀረጸው በ1949 ነው።

ኦገስት 20 ቀን ተዋጊ አብራሪዎችን ሲያወድሱ፣ ስለ ብሪታንያ ሶማሌላንድ መያዝም ተናግረዋል፤ ከጅቡቲ ይጠበቅ የነበረው የፈረንሳይ ጦር መቅረቱን በምክንያትነት አንሥተዋል። ኖቬምበር 12 ቀን ደግሞ ከሦስት ቀን በፊት ያረፉትን ቻምበርሌንን፣ ለዓመታት አጥብቀው የነቀፏቸውን ሰው፣ በክብር አስበዋል።