ጥንድ ያጣው ዘር

«ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ምሳሌ የተነገረው ስለ ሰው ነው። ነገር ግን በእህልም ላይ የሚሠራ መሆኑን ለመረዳት የሚፈልግ ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ፣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ይድረስ።

በዚያ በሰሜን ተራራ እግርጌ ባለው ደጋ፣ በገብሱ ማሳ ውስጥ ስናር በቅሎ ይታያል። የስናር ፍሬ እንደ ዱር ዘመዶቹ ስለማይረግፍ ከገብሱ ጋራ ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ተመልሶም ይዘራል። ስንት ዘመን አብረው ኖረው ሳለ ግን ገብሱ ገብስ፣ ስናሩም ስናር ነው። ሁለቱም በየራሳቸው የአበባ ዱቄት የሚያፈሩ ናቸው፤ ዝምድናቸውም የራቀ ነው።

ዝምድናው በምን ይታወቃል ቢባል፣ በክሮሞዞም ነው። ክሮሞዞም ማለት በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ የሚገኝ፣ የዘርን ጠባይ የሚሸከም ክር ነው። ገብስ 14፣ ስናር 28 አለው። የአገራችን የጥንት ስንዴና ባላገሩ አጃ የሚለው ዘመዱ 28 ሲኖራቸው፣ የዳቦ ስንዴ ግን 42 አለው። ተክሉ የወንዴና የሴቴ ዘር በሚያዘጋጅበት ጊዜ እያንዳንዱ ክር መሰሉን ፈልጎ ይጣመራል፤ ከዚያም ይለያያል፤ ለልጁም እኩሌታው ይደርሰዋል።

የዳቦ ስንዴ ከ3 የሣር ዓይነቶች መዋሐድ የተገኘ ስለ ሆነ፣ በውስጡ ወንድም ብቻ ሳይሆን የአጎት ልጅ የሚሆን ክርም አለ። ታዲያ ስለምን አይሳሳትም? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 በእንግሊዝ አገር ራይሊና ቻፕማን፣ በአሜሪካም ሲርስና ኦካሞቶ ምስጢሩን ገለጡት። ከክሮቹ በአንዱ ላይ የሚገኝ ተቈጣጣሪ የአጎት ልጆች እንዳይጣመሩ ይከለክላል።

አሁን ባለ 28ቱን ከባለ 42ቱ ጋራ አዳቀልን እንበል። ልጁ 14 እና 21 ወርሶ ባለ 35 ይሆናል። 28ቱ ክሮች 14 ጥንድ ሲሆኑ፣ 7ቱ ብቻቸውን ይቀራሉ። ጥንድ ያጣ ክር አንዳንዴ ወደ አንዱ ወገን ይገባል፤ አንዳንዴም መንገድ ላይ ጠፍቶ ይቀራል። ስለዚህ ብዙው አበባ ፍሬ አይዝም፤ የያዘውም አንድ ዓይነት አይሆንም። 15 ክር ይዞ የበቀለ ገብስም እንዲሁ ነው። ትርፉ ክር በእናት በኩል አልፎ አልፎ ይተላለፋል፤ በአበባው ዱቄት በኩል ግን እምብዛም አያልፍም።

ይሁን እንጂ ለታጋሽ ሰው ድካሙ ዋጋ አለው። አሜሪካዊው ማክፋደን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1916 የአጃን ወገን ከዳቦ ስንዴ ጋራ አዳቀለ። ከዚያም ሥራ የግንድ ዋግን የሚቋቋም «ሆፕ» የተባለ ስንዴ ተገኘ።

ሩሲያዊው ቫቪሎቭም በዚያው አቆጣጠር በ1927 አገራችንን ዞሮ ዘር የሰበሰበው ይህን የመሰለ ሀብት ፍለጋ ነው። በ1976 ደግሞ በአዲስ አበባ የራሳችን የዘር ማከማቻ ተቋቋመ።

እንግዲህ ወጣቱ የእርሻ ሠራተኛ ሆይ፣ ለደባርቅ ገበሬ አዲስ ምርጥ ዘር ይዘህ ስትሄድ መልካም አደረግህ። ነገር ግን አሮጌውን «ድብልቅ ነው» ብለህ ከማስጣልህ በፊት አንድ እፍኝ ዘግነህ፣ ገበሬው የሚጠራበትን ስምና የበቀለበትን ቦታ ጽፈህ ወደ ማከማቻው ላክ። የወደፊቱን ዋግ የሚመክት ክር ያለው ከዚያ እፍኝ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጊዜ ከጠፋ ግን መልሶ የሚያበቅለው ማሳ አይገኝም።