የየቲሞች መዝገብ በኢንተርኔት ሲጓዝ፦ አማናን በምስጠራ መጠበቅ



የተከበራችሁ ለጋሾችና ቤተሰቦች፦

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ የሚያድግ አንድ የቲም ከሩቅ ሀገር ድጋፍ የሚያገኘው መዝገቡ ለለጋሹ ሲደርስ ነው። በመዝገቡም የልጁ ስምና ፎቶግራፍ፣ የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ የአሳዳጊው ስልክና የባንክ ሂሳብ ቁጥር ይገኛሉ። ቀድሞ ይህ ሁሉ በፖስታ ታሽጎ ይላክ ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙ ቦታ በድረ ገጽ ይተላለፋል። ታዲያ በኢንተርኔት የሚሄደው መዝገብ ታሽጓልን? የየቲም ምስጢር እንደ የቲም ገንዘብ ሁሉ አማና ነውና ጥያቄው ሁላችንንም ይመለከተናል።

ግልጹና የታሸገው መንገድ

አንድ ገጽ ስንከፍት መልእክቱ ከስልካችን ተነሥቶ በዋይፋይ ወይም በቴሌ መስመር፣ ከዚያም በብዙ ማዕከላት አልፎ ገጹ ወደተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ማለትም ወደ ሰርቨሩ ይደርሳል። አድራሻው በ‹ኤችቲቲፒ› የሚጀምር ከሆነ መልእክቱ እንዳልታሸገ ደብዳቤ ነው፤ በመንገድ ላይ ያለ ሰው ሊያነበው፣ ብሎም ሊለውጠው ይችላል። የሂሳብ ቁጥሩ ቢለወጥ ለየቲሙ የታሰበው ሰደቃ ወደ ሌላ ኪስ ይገባል። በ‹ኤችቲቲፒኤስ› ሲሆን ግን መልእክቱ ይመሰጠራል፤ መለወጡም ይታወቃል፤ የደረስንበትም ሰርቨር የዚያ አድራሻ ባለቤት መሆኑ በምስክር ወረቀት ይረጋገጣል።

የምስጢር ጽሕፈት ጥናት ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አል-ኪንዲ የፊደላትን ድግግሞሽ በመቁጠር የተመሰጠረ ጽሑፍ እንዴት እንደሚፈታ ጽፏል። የዛሬው ምስጠራ ግን በዚያ ስልት የሚፈታ አይደለም።

ቁልፍ መኖሩ ብቻ አይበቃም

ብዙዎች የምስክር ወረቀቱ ከተገኘ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ገጹ በሁለቱም መንገድ የሚከፈት ከሆነ፣ አንዱ በር ተቆልፎ ሌላው ክፍት እንደቀረ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሞክሲ ማርሊንስፓይክ የተባለ ባለሙያ፣ በመካከል የገባ ሰው ተጠቃሚውን ሳያስነቃ በግልጹ መንገድ ሊያስቀረው እንደሚችል አሳየ። በቀጣዩ ዓመት ‹ፋየርሺፕ› የተባለ ፕሮግራም፣ የይለፍ ቃል ሲገባ ብቻ በሚመሰጥሩ ገጾች የሌላውን ሰው አካውንት በጋራ ዋይፋይ መውሰድ ቀላል መሆኑን አጋለጠ። በቱኒዚያም በሕዝባዊው አመፅ ወቅት በፌስቡክ የመግቢያ ገጽ ላይ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ጽሑፍ በመንገድ ላይ ይጨመር ነበር፤ ስለዚህም ኩባንያው እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ከዚያ ሀገር የሚመጣውን ግንኙነት ሁሉ በተመሰጠረው መንገድ ብቻ እንዲያልፍ አስገደደ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ምስጠራ በተጠቃሚው ምርጫ ሊተው አይገባም።

ማስገደድ እንዴት ይከናወናል?

አንደኛ፦ በግልጹ መንገድ የመጣ ጥያቄ ሁሉ ወደተመሰጠረው እንዲዛወር ይደረጋል።

ሁለተኛ፦ እ.ኤ.አ. በ2012 ደረጃ የወጣለት ‹ኤችኤስቲኤስ› የተባለው ትእዛዝ ይታከላል። በዚህ ትእዛዝ ሰርቨሩ ብራውዘሩን «እስከዚህ ጊዜ ድረስ በተመሰጠረው መንገድ ብቻ ወደ እኔ ና» ይለዋል፤ ብራውዘሩም ከዚያ በኋላ በግልጹ መንገድ አይሄድም። የምስክር ወረቀቱ ሲበላሽ ግን ገጹ ለሁሉም ስለሚዘጋ፣ ጊዜው በጥቂት ቀናት ተጀምሮ፣ ከተፈተነ በኋላ ወደ አንድ ዓመት ቢደርስ ይመረጣል።

ሦስተኛ፦ ተጠቃሚው መግባቱን የሚያስታውሱት ‹ኩኪ› የተባሉት ምልክቶች በተመሰጠረው መንገድ ብቻ እንዲላኩ ይታዘዛል።

አራተኛ፦ በገጹ ውስጥ ያሉት ሥዕሎችና ፕሮግራሞችም በዚያው መንገድ እንዲመጡ ይደረጋል።

ገንዘብ የለንም የሚል ምክንያትም አያስኬድም፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ‹ሌትስ ኢንክሪፕት› የተባለ ድርጅት የምስክር ወረቀት በነፃ ይሰጣል። በሀገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርግ ያስገድዳል።

ከእናንተ የሚጠበቀው

የቁልፉ ምልክት መንገዱ መታሸጉን እንጂ የገጹ ባለቤት ታማኝ መሆኑን አይመሰክርም፤ አታላይም የምስክር ወረቀት ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ የአድራሻውን ስም ፊደል በፊደል ተመልከቱ። ብራውዘሩ ሲያስጠነቅቃችሁ አልፋችሁ አትግቡ፤ የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትንገሩ። የልጅ መዝገብ ወይም ገንዘብ የሚያስተላልፍ ማኅበር ሲገጥማችሁም «ገጻችሁ በተመሰጠረው መንገድ ብቻ ይሠራልን?» ብላችሁ ጠይቁ። ለጋሽ የሚጠይቀውን ነገር አስተዳዳሪ ችላ አይልም።

አላህ (ሱ.ወ.) ሰደቃችሁን ይቀበል፤ የተሰጠንንም አማና ለመጠበቅ ያብቃን። አሚን።